ፈሳሽ ሆኖ ደረቅ

እንዴት ይሠራል? የጆርጂያ ቀይ ወይን ከላስታ ጠጅ ጎን ሲቀመስ

ጠረጴዛው ላይ ሁለት መጠጥ ቀርቧል። በቀኝ በኩል አክስቴ ራሳቸው የጣሉት ጠጅ በብርሌ ተቀድቶ ቢጫው ያበራል። በግራ በኩል ጥቁር ጠርሙስ ቆሟል። ላዩ ላይ ያለው ጽሕፈት ክብ ክብና ጥምዝምዝ ነው፤ እንደ እኛ የራሳቸው ፊደል ካላቸው ጥቂት አገሮች የአንዷ ነው። የመጣው ከጆርጂያ ነው። አትላንታ ያለችበትን የአሜሪካ ግዛት ማለቴ አይደለም፤ በካውካሰስ ተራሮች ሥር፣ በጥቁር ባሕር ዳር ያለችውን አገር ነው። ሕዝቧ በአብዛኛው ኦርቶዶክስ ነው፤ ገናንም እንደ እኛ ፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 በሚሉት ቀን ያከብራል። የአክስቴ ልጅ ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የአገሩ ጠባቂ ስለሆነ ከሁሉ አስቀድሞ ቤተ ጊዮርጊስን ማየት የፈለገ አንድ እንግዳ ነበረው፤ ሲሰናበት ይህን ጠርሙስ ትቶለት ሄደ።

አክስቴ ጠርሙሱን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩትና «ይጣፍጣል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ደረቅ ነው፣ እትዬ።»

«ደረቅ? እንደ ጠጅ ደረቅ?»

«አዎ፣ እንደ ጠጅ ደረቅ።»

«እንግዲያማ ይቀመሳል። ጣፋጭ ጠጅ ማንም ይጥላል፤ ጣፋጭ ጉድ ይሸፍናል» ብለው መክፈቻ ፍለጋ ተነሡ።

የሚከተለው ሁሉ የዚህች አንዲት አነጋገር ማብራሪያ ነው። ጣፋጩ የሚሸፍነው ምንድን ነው? ሲያልቅስ ምን ይገለጣል?

ደረቅ ማለት ምን ማለት ነው?

ፈሳሽ ነገር ደረቅ ሲባል ጆሮ ይጎረብጣል። አማርኛ ግን ነገሩን ቀድሞ የፈታው ይመስለኛል። ደረቅ እንጀራ ስንል ወጥ የሌለው፣ ማባያ ያልቀረበለት እንጀራ ማለታችን ነው። ደረቅ ወይንም እንደዚያው ነው፤ ስኳር የማያባብለው ወይን። በአውሮፓ ደንብ አንድ ወይን በመደበኛው መለኪያ ደረቅ የሚባለው በሊትር ውስጥ የቀረው ስኳር ከ4 ግራም ሳይበልጥ ነው። ይህ በአንድ ሊትር አንዲት የሻይ ማንኪያ ስኳር እንደማለት ነው። አብዛኛው የለስላሳ መጠጥ በሊትር 100 ግራም ገደማ እንደሚይዝ ስናስብ ልዩነቱ ይታየናል።

ላሊበላ ውስጥ ይህን ለማወቅ የወይን መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም። ጎብኚ ሁሉ ከሚያውቀው ከቶርፒዶ ጠጅ ቤት ጀምሮ፣ ጠጅ በሚሸጥበት ቤት የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይስ ደረቅ? ለስላሳው ገና ጥቂት ቀን የቆየ፣ ማሩ ምላስ ላይ የሚሰማ ነው። ደረቁ ሰንብቶ ማሩ ያለቀለት ነው። ጠጪው «ደረቅ» ሲል «ኃይለኛ» ማለቱም ነው፤ ሁለቱ ትርጉም ለምን እንደተጋጠመ ቀጥሎ እናያለን።

ማሩን ማን በላው?

ማር ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል። ከክብደቱ 80 በመቶ ገደማው ስኳር ሲሆን ውሃው 18 በመቶ ገደማ ነው። እንዲህ በወፈረ ስኳር ውስጥ የገባ ረቂቅ ሕዋስ ሁሉ የገዛ ውሃው ይመጠጥበትና ይደርቃል፤ እርሾም ቢሆን ተኝቶ ከመቆየት በቀር መላ የለውም። ውሃ ሲጨመርበት ግን ብርዝ ይሆናል፣ እርሾውም ይነቃል። ማሩ ውስጥ፣ ጌሾው ላይና በጋኑ ቀዳዳዎች ውስጥ የነበረው ሁሉ ለግብዣው ይሰበሰባል።

እርሾ ስኳር ሲበላ ሁለት ነገር ይተዋል፦ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ። ጋዙ ጋን ውስጥ ሲፍለቀለቅ የምንሰማው፣ እንጀራ ላይ ደግሞ ዓይን የሚያወጣው ነው። የአልኮሉ ስሌት ቀላል ነው፤ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለ 17 ግራም ያህል ስኳር ሲበላ 1 በመቶ አልኮል ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ብርዝ ውስጥ የቀረው ስኳር ባነሰ ቁጥር አልኮሉ ይጨምራል። ደረቁ ጠጅ ኃይለኛ የሚሆነው በዚህ ነው።

አሁን ይህን ወደ አክስቴ ጓዳ እንውሰደው። እሳቸው ማር የሚበርዙት በሚዛን ሳይሆን በስፍር ነው፤ በአንድ ጣሳ ማር ሦስት ጣሳ ውሃ። ማር ከውሃ ስለሚከብድ አንድ ሊትሩ 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ከዚያ ውስጥ 1.1 ኪሎ ያህሉ ስኳር ነው። ይህ በአራት ሊትር ብርዝ ሲከፋፈል በሊትር 280 ግራም ይደርሳል። እርሾው ሁሉንም ቢበላው አልኮሉ ከ16 በመቶ ማለፍ ነበረበት። የጓዳ እርሾ ግን እዚያ ሳይደርስ በገዛ አልኮሉ ይሰክርና ይዝላል፣ ያልተበላው ስኳርም ጠጁ ውስጥ ይቀራል። አንድ ለሦስት የተጣለ ጠጅ ሰንብቶም ጣፍጦ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ውሃውን አምስት ጣሳ ብናደርገው ስኳሩ በሊትር ወደ 185 ግራም ይወርዳል። ይህን እርሾው ጨርሶ ሊበላው ይችላል፤ አልኮሉም 11 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ያ ነው ደረቅ ጠጅ። «ማር ያነሰው ይበልጥ ያሰክራል» ሲባል ሰምቼ ቀልድ ይመስለኝ ነበር፤ ሒሳቡን ሳየው ግን ብዙም ቀልድ አልሆነብኝም። ማር የበዛበት ብርዝ እርሾውን ያዳክመዋል፤ የመጠጡም ጣፋጭነት ጠጪውን ቀስ ያሰኘዋል። ደረቁ እንደ ውሃ ወርዶ በኋላ ነው የሚጠይቅ።

የወይን ፍሬም ሥራው ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ ወይን ውሃውንም ስኳሩንም ይዞ መወለዱ ነው። በደንብ የበሰለ ፍሬ ጭማቂው በሊትር ከ200 ግራም በላይ ስኳር ይይዛል፤ ይህም 12 ወይም 13 በመቶ አልኮል አውጥቶ እርሾው ሳይዝል የሚያልቅ መጠን ነው። ወይን የሚበርዘው አያስፈልገውም። ላስታ ውስጥ በጣሳ የሚሰፈረውን እዚያ ፀሐይና ዝናብ ይሰፍሩታል።

የተቀበረ ጋን

ጆርጂያውያን ወይን የሚጥሉበት ዕቃ ክቬቭሪ ይባላል። ለእኛ ሰው ማስረዳት አይከብድም፤ ግዙፍ ጋን ነው። እንቁላል ይመስላል፣ ታቹ ሹል ነው፣ እጀታ የለውም፣ እስከ አፉ ድረስ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል። መጠኑ ይለያያል፤ ትልቁ ብዙ ሺህ ሊትር ይይዛል። ይህ የአጣጣል ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ልማዱም ጥንታዊ ነው፤ ከዋና ከተማዋ ከትብሊሲ በስተደቡብ በተቆፈሩ መንደሮች በተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ የወይን አሲድ ቅሪት መገኘቱን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ አድርገዋል። የሸክላዎቹ ዕድሜ 8,000 ዓመት ገደማ ነው።

ለምን ይቀብሩታል? እርሾ ስኳር ሲበላ ይሞቃል። ብዙ ሺህ ሊትር በአንድ ዕቃ ሲፈላ ሙቀቱ ከልክ አልፎ እርሾውን ራሱን ሊገድለው ይችላል። በዙሪያው ያለው አፈር ይህን ሙቀት እየመጠጠ ያቀዘቅዛል፤ ከዚያም ክረምት ከበጋ እምብዛም ሳይለዋወጥ ወይኑን ያሳድራል። ላስታ ላይ ችግሩ የዚህ ተቃራኒ ነው። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል፣ የአክስቴ ጋንም ትንሽ ስለሆነ ሙቀቱን አይዝም። ስለዚህ እሳቸው ጋኑን ወደ ምድጃው ያስጠጉታል፣ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ደግሞ ጋቢ ያለብሱታል። ጆርጂያዊው ከሙቀት ለማምለጥ ይቀብራል፤ ላስቴዋ ከብርድ ለማምለጥ ታለብሳለች። ሁለቱም የሚያስታምሙት ያንኑ እርሾ ነው።

ሸክላ ይተነፍሳል፣ ያንጠባጥባልም። ስለዚህ ሁለቱም አገር ዕቃውን ያሰናዳል። የጆርጂያው ሸክላ ሠሪ ክቬቭሪው ከእሳት ወጥቶ ገና ትኩስ ሳለ ውስጡን በቀለጠ የንብ ሰም ይቀባዋል፤ ሰሙ በሸክላው ቀዳዳዎች ገብቶ ይደፍናቸዋል። ይህን ስነግራቸው አክስቴ ሳቁ። «ንቡ እዚያም ገባበት?» አሉ። የሳቸው ጋን ሰም አይቀባም። አዲስ ሲሆን ይሟሻል፤ ከዚያ ወዲያ ጠጅ በተጣለበት ቁጥር በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፣ ተገልብጦም በወይራ ጭስ ይታጠናል። ግራዋው አሮጌውን ቆሻሻ ይፈቅፍቃል። ጭሱ መጥፎውን ተሐዋስ ያዳክማል፣ ጠጁ ላይም ሽታውን ይተዋል። ጆርጂያዎች ክቬቭሪን የሚያጥቡበት ብሩሽ ደግሞ ከቼሪ ዛፍ ልጥ ይሠራል። ለአገር ሁሉ የራሱ ግራዋ አለው።

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሳለሁ ብልህ መስዬ በፕላስቲክ ጀሪካን ጠጅ ጥዬ ነበር። ጀሪካኑን ግማሽ ድረስ ሞላሁት፣ በየማታው ክዳኑን እያነሣሁ አየሁት፣ አሸተትኩት። በሦስተኛው ሳምንት ያገኘሁት ኮምጣጤ ነበር። ምክንያቱን የነገሩኝ አክስቴ ናቸው፤ «ጠጅ አልጠበቅህም፤ በረበርከው እንጂ» አሉ። ትክክል ናቸው። እርሾው ሲፈላ የሚወጣው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ መጠጡ ላይ እንደ ክዳን ይነጠፋል። ሲረጋጋ ጋዙ ይቆማል፤ በዚያን ጊዜ አየር ካገኘ ሌላ ተሐዋስ ይመጣና አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ ይለውጠዋል። ስለዚህ ነው ጋን አፉ የሚጠበውና ጥብቅ ተደርጎ የሚከደነው፤ ክቬቭሪም ፍላቱ ሲያበቃ እስከ አፉ ተሞልቶ በክዳን ተገጥሞ የሚመረገው።

ጌሾውና ገለፈቱ

ብዙ የወይን ዓይነት፣ ቆዳው ቀይም ሆነ ጥቁር፣ ጭማቂው ውሃ መሳይ ነው። ቀይ ወይን ቅላቱን የሚያገኘው ከቆዳው ነው። ጭማቂው ብቻውን ከተጠለለ ከቀይ ፍሬም ነጭ ወይን ይወጣል። ጆርጂያዎች ግን ፍሬውን ጨፍልቀው ቆዳውን፣ ዘሩን፣ አንዳንዴም ግንዱን ጨምረው ክቬቭሪው ውስጥ ያደርጋሉ። ጋዙ ቆዳውን ወደ ላይ ይገፋውና እንደ ቆብ ይቆልለዋል፤ በቀን ብዙ ጊዜ በረጅም እንጨት ወደ ታች ይደፈቃል። በዚህ መካከል ቀለሙም ጣዕሙም ይወጣል። ነጭ ፍሬ በዚሁ ዘዴ ግማሽ ዓመት ያህል ከቆዳው ጋር ሰንብቶ የአምበር፣ የብርቱካናማ ቀለም ይዞ ይወጣል። ቀዩ ግን ብዙ ጊዜ ፍላቱ ሲያልቅ ከቆዳው ይለያል።

የኛ ጠርሙስ ፍሬ ስሙ ሳፔራቪ ነው። በምሥራቅ ጆርጂያ፣ በካኼቲ አውራጃ በብዛት ይበቅላል፤ ስሙ በቋንቋቸው ከማቅለም ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ፍሬ ከብዙዎቹ የሚለየው ሥጋውም ቀይ በመሆኑ ነው፤ ቆርጠው ቢያዩት እንደ ቀይ ሥር ይደማል።

የዕቃው ቅርጽም እዚህ ሥራ አለው። ዘሩ ከባድ ስለሆነ ወደ ሹሉ ታች ይሰምጣል፣ ከላዩ ዝቃጩ ይነጠፍበታል። በዘሩ ውስጥ ያለው ኮምጫጫ ነገር በዚህ ምክንያት ከወይኑ ጋር እንደልቡ አይገናኝም። ማጥለያ ሳይገባ፣ ቅርጹ ብቻ ያጠልላል።

ጠጅ ቆዳ የለውም፣ ጌሾ ግን አለው። ማር ብቻውን ሲፈላ ባዶና ለዛ ቢስ ይሆናል፤ ጣዕሙን የሚያቆምለት አጥንት ያስፈልገዋል። ለጠላ ቅጠሉ፣ ለጠጅ በአብዛኛው እንጨቱ ነው የሚገባው። ምሬቱን የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ሳይንሱም በራሱ በዛፉ ስም ጌሾይዲን ብሎ ጠርቶታል። ጌሾው ምሬት ከመስጠቱም ሌላ ከእንጨቱ ላይ እርሾ ይዞ ይመጣል። ቆዳ ለሳፔራቪ፣ ጌሾ ለጠጅ ያው አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ፤ ሁለቱም ፈሳሹ ውስጥ ሰንብተው ጣዕም ሰጥተው የሚወጡ ጓዝ ናቸው።

አፍን የሚያደርቀው ሌላ ነው

ብዙ ሰው ደረቅ ቀይ ወይን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀምስ ድዱ ይያዝበትና «አሃ፣ ደረቅ ያሉት ይህን ነው» ይላል። አይደለም። ስኳር ማጣት አንድ ነገር ነው፣ አፍ መድረቅ ሌላ። አፍን የሚያደርቀው ታኒን ይባላል። ከወይን ቆዳና ዘር ይወጣል፤ ሻይ ቅጠልና ያልበሰለ ሙዝ ውስጥም አለ። ምራቃችንን የሚያለሰልሱትን ፕሮቲኖች እየያዘ ያኮማትራቸዋል፤ ያኔ ምላስና ላንቃ እርስ በርስ ይፋተጋሉ።

ይህን ለማየት ወይን አያስፈልግም። ሁለት ብርጭቆ ጥቁር ሻይ ይቅዱ፣ ሁለቱንም አብዝተው ያቆዩት፣ በአንዱ ብቻ ሁለት ማንኪያ ስኳር ይጨምሩ። ከዚያ ሁለቱንም ይቅመሱ። ጣፋጩም ድድ ይይዛል፤ ታኒኑ የትም አልሄደም። ስኳሩ ግን ምላስን አባብሎ ያስረሳል። አክስቴ «ጉድ ይሸፍናል» ያሉት ይህን ነው። ስኳር ምሬትን፣ ኮምጣጣነትን፣ ጭስን ሁሉ ከኋላው ያስቀምጣል። ከሄደ በኋላ የጋኑ አስተጣጠብ፣ የጌሾው መጠን፣ የማሩ ጥራት ሁሉም ራቁቱን ይቆማል። በስንፍና የተጣለች ጠጅ ለስላሳ ሳለች ታልፋለች፤ ደረቅ ስትሆን ግን የጣለቻት ትታወቃለች።

ጠጅ ብዙም ታኒን የለውም። ጌሾ መራራ ነው፣ አፍ ግን አይዝም። ምሬት ምላስ የሚለየው ጣዕም ሲሆን፣ ታኒን በድድና በጉንጭ የሚሰማ መያዝ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስንቀምስ የለየነው ትልቁ ልዩነት ይህ ነበር።

እንቅመስ እንግዲህ

መጀመሪያ ማየት። ወይኑን ነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርገን አየነው። መካከሉ ጥቁር ሐምራዊ ነው፣ ጠርዙ ብቻ ቀላ ብሏል። ጠጁ ደፍረስ ያለ ቢጫ ነው፤ ድፍርስነቱ ከማሩ ብናኝና ከእርሾው ነው።

ቀጥሎ ማሽተት። የወይን ብርጭቆ ወደ ላይ የሚጠበው ሽታው እንዳያመልጥ ነው፤ ብርሌም አንገቱ የቀጠነው ለተመሳሳይ ጥቅም ነው፣ ዝንብም ይከለክላል። ብርጭቆውን አንዴ ዞር አደረግነው። መጀመሪያ የመጣው እንጆሪ ነው፣ ከዚያ የቀጋ ፍሬ፤ ከታች ደግሞ ውሃ የነካው የሸክላ ሽታ። አክስቴ አሽትተው ዝም አሉ፤ እንደገና አሸተቱ። «አዲስ ገንቦ» አሉ። ጠጁ ላይ ስንመለስ ወይራው ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፣ ከጀርባው የአበባ ሽታ አለ። ላስታ ነጭ ማሯ የታወቀ ነው፤ ጠጅ የሚጣልበት ግን ብዙ ጊዜ ሰፈፍና ብናኝ ያልተለየው ማር ነው። እርሾ ስኳር ብቻ አያጠግበውም፤ ናይትሮጅንም ይፈልጋል፣ ንጹሕ ማር ደግሞ ከዚህ ድሃ ነው። ብናኙ ያንን ይሞላል።

ከዚያ መቅመስ። ትንሽ ጎንጨት አድርገው አፍዎ ውስጥ ያንከባልሉት፣ እስከ አምስት ይቁጠሩ፣ ከዚያ ይዋጡት። አራት ነገር ይጠይቁ። ይጣፍጣል? ይኮመጥጣል? አፍ ይይዛል? ጉሮሮ ያሞቃል? ሳፔራቪው አይጣፍጥም፣ ያለመጠን ይኮመጥጣል፣ ድድ ይይዛል፣ ቀስ ብሎ ያሞቃል። ጠጁ ጭራሽ አይጣፍጥም ማለት አይቻልም፤ የማሩ ሽታ ምላስን ይሸነግላል፣ ስኳሩ የለም ግን አፍንጫ ያለ ያስመስለዋል። ምሬቱ መጨረሻ ላይ ይመጣና ይቆያል።

ስለ ሙቀት አንድ ምክር። ቀይ ወይን የሚጠጣው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ነው። ከዚህ ሲቀዘቅዝ ታኒኑ ይጠነክራል፣ ሲሞቅ ደግሞ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል። በላሊበላ ማታ ቤት ውስጥ የዋለ ጠርሙስ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ መክተት አያስፈልግም።

ከምን ጋር?

ታኒን ፕሮቲን ይወዳል። ሥጋ አብሮ ከቀረበ ምራቃችንን ትቶ ሥጋውን ይይዛል፤ ወይኑም ወዲያው ይለሰልሳል። ከጥብስ ጋር ቀመስነው፣ እውነት ነው። በዶሮ ወጥ ግን ተሳሳትን። አልኮሉ የበርበሬውን ቃጠሎ ያባብሳል፣ ታኒኑም ይጨምርበታል፤ አፋችን ነደደ። ለበርበሬ የሚሻለው ከአልኮሉ ዝቅ፣ ከጣፋጩ ከፍ ያለ መጠጥ ነው። እዚህ ላይ ለስላሳ ጠጅ ወይም ብርዝ ከየትኛውም ደረቅ ወይን ይበልጣል። አክስቴ «እኛ ደረቁን በባዶው፣ ለስላሳውን በወጥ» አሉ፤ እኔ መጽሐፍ አገላብጬ ያገኘሁትን እሳቸው በማዕድ ያውቁታል።

ወይን ለላስታ እንግዳ ነው?

ወይን የሚለው ቃል ለላስታ ሰው ከጠጅ ያላነሰ ቅርብ ነው፤ የሚያውቀው ግን በመቅደስ በኩል ነው። ለቁርባን የሚቀርበው ወይን የሚዘጋጀው ዘቢብ በውሃ ተዘፍዝፎና ተጨምቆ ነው፤ እርሾ ስኳሩን እስኪበላው ተብሎ አይቀመጥም። በዚህ ዓይነት ደረቅ ወይን አይደለም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ኢትዮጵያ የመጣውና ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የጻፈው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዘቢቡንም ወይን፣ የማሩንም ጠጅ በጽሑፉ አንስቷቸዋል።

በጠርሙስ የሚሸጠው ደረቅ ቀይ ከመሃል አገር ነው የሚመጣው። ከአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ የሚወጣውን ጉደር የማያውቅ ጥቂት ነው። ካስቴል የተባለው ኩባንያ በዝዋይ፣ በዛሬዋ ባቱ፣ ተክሎ ያመረተው ሪፍት ቫሊ እና አካሺያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ወጣ። የተቀበረ ጋን ግን የጆርጂያዎቹ መታወቂያ ነው።

ንብም ላስታ ላይ ከመጠጥ የዘለለ ስፍራ አላት። ንጉሥ ላሊበላ ሲወለድ ንቦች ከበቡት፣ እናቱም ንቦቹ ጌትነቱን አወቁ ብላ ላሊበላ አለችው የሚለው ትውፊት በሁሉ አፍ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ቢልባላ ጊዮርጊስ ደግሞ ንቦች በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ውስጥ ይኖራሉ፤ ማራቸው ለፈውስ ይፈለጋል።

አምቡላው

ጠርሙሱ ሲያልቅ አክስቴ የመጨረሻዋን ጭላጭ ብርጭቆ ላይ ዘንበል አደረጉ። ከታች ጥቁር ደቃቅ ነገር ተቀምጧል። እኔ ፈጥኜ «ይህ ነውር አይደለም፤ ሳይጠለል...» ማለት ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ።

«አምቡላ ነው» አሉ።

አምቡላ ነው። እርሾው፣ የቆዳው ደቃቅ፣ ቀለሙ አብረው ረግተው የሠሩት። ጠጅም ከጋን ታች ይህንኑ ይተዋል፤ የጠጁ አምቡላ የተጣለውን ሁሉ ያስታውሳል። ጆርጂያዎች ከክቬቭሪው ታች የሚቀረውን ቆዳና ዘር አይጥሉትም፤ አንጥረው ቻቻ የሚባል አረቄ ያወጡበታል። ይህን ብነግራቸው አክስቴ አልተገረሙም።

ይልቅ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አስጠግተው ደቃቁን በጣታቸው ጫፍ ነኩ፣ ቀመሱ፣ ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ። «ዕቃዋን በደንብ አጥባለች» አሉ፤ ጣዩ ወንድ ይሁን ሴት አላወቁም። ከዚያ ጠርሙሱን አለቅልቀው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት፤ ለሚቀጥለው ጠጅ።